«አርጅቶ ነው» ስለሚባሉት ውሾች፦ የእንስሳት ሐኪም ለአንባቢያን ጥያቄ የሰጠችው መልስ

ክረምት ሲገባ ወደዚህ አምድ የሚላከው ጥያቄ መልኩን ይቀይራል። በጋውን ስለ ቁንጫ፣ ስለ መዥገርና ስለ ክትባት ሲጠይቀኝ የከረመ አንባቢ ሐምሌ ላይ «ውሻዬ ጠዋት መነሳት አቃተው» ይለኛል። ዘንድሮም ያው ነው። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ የዛሬውን ገጽ ለሽማግሌዎቹ ሰጥቻለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ ከአንዱ ላይ ስለ ጎረቤት ድመት የተጻፈውን ስድብም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሬክስ የሚባል የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ውሻ አለን፤ አሥር ዓመት አልፎታል። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። የሚተኛው በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሮቹን ይጎትታል፤ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን ይፍታታል። አይጮህም፣ ምግቡንም አልተወም። ባለቤቴ «አርጅቶ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። በቀደም ግን ዘበኛችን ሊያስረው ሲል አጉረመረመበት፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። አርጅቶ ነው ወይስ ታሞ?
*የሬክስ ባለቤት፣ ከስድስት ኪሎ*

መልስ፦ ታሟል። ዕድሜ ብቻውን ውሻን እግሩን አያስጎትተውም። ጠዋት መገተር፣ ሲንቀሳቀሱ መፍታታት፣ በብርድ መባስ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው የመገጣጠሚያ ቁርጥማትን ነው፤ እኛ ኦስቲዮአርትራይተስ የምንለውን። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከልለው ልስልስ አጥንት ይሳሳል፤ መገጣጠሚያውን የሚያለዝበው ፈሳሽ ይቀጥናል፤ ሰውነት ደግሞ ጉድለቱን የሞላ መስሎት ዳር ዳሩን ሻካራ አጥንት ያበቅላል። ያለቀው አይመለስም። ሕመሙን መቀነስና የቀረውን ማቆየት ግን ይቻላል። በጀርመን ሸፐርድና በክልሶቹ ላይ ደግሞ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቡችላነት ነው፤ የጭናቸው አጥንት በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ ሳይገጥም ያድጋል፤ ላልቶ ሲፋተግ ኖሮ ጉዳቱ በስተርጅና ይወጣል።

«አይጮህም» ብለዋል። የሚጮኸው የተረገጠ ወይም መኪና የገጨው ውሻ ነው። ሕመሙ ቀስ እያለ የመጣበት ውሻ ዝም ብሎ ኑሮውን ይቀይራል። መኪና ላይ መዝለል ይተዋል፤ ጥሩምባ ሲሰማ በር ድረስ አይመጣም፣ ባለበት ሆኖ ጅራቱን ይቆላል፤ ሲቀመጥ አንዱን እግሩን ወደ ጎን ይጥላል፤ አንዱን መገጣጠሚያ ፀጉሩ እስኪቀላ ይልሳል። የቤቱ ሰው «ጨዋ ሆነ» ይላል። አልጨመተም፣ አሞታል።

እንዲህ ያለ ውሻ ክሊኒክ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ጥፍሩን ነው። የኋላ እግሮቹ መካከለኛ ጥፍሮች ከላይ በኩል ተፍቀው ካየሁ፣ እግሩን አንስቶ ሳይሆን መሬት እያስፋቀ እንደሚሄድ ይገባኛል። ከዚያ ከኋላው ሆኜ ሁለቱን ጭኖች በሁለት እጄ እጨብጣለሁ። በሚያመው በኩል ጡንቻው ሟሽሾ አጥንቱ ጣቴ ላይ ይመጣል፤ ደረቱና ትከሻው ግን ፈርጥሟል፣ ክብደቱን ወደ ፊት እያሸጋገረ ስለሚኖር። እርስዎም ዛሬ ማታ ሊሞክሩት ይችላሉ። አፉን እያዩ ይሁን እንጂ።

ማጉረምረሙን በሁለት በኩል ነው የማየው። ዘበኛችሁ ሰንሰለቱን ሊያስር ጎንበስ ሲል ወገቡን ነክቶት ይሆናል፤ የሚያመው ውሻ ሊነካው የመጣውን ያስጠነቅቃል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ሳይጠይቅ የማያልፈው ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ለመጨረሻ ጊዜ የወሰደው መቼ ነው? በበር ሥር ከጎዳና ውሾች ጋር የሚናከስ፣ ክትባቱ ያለፈበት ውሻ ጠባዩ ከተለወጠና የኋላ እግሩ ከደከመ፣ ቁርጥማት ነው ብላችሁ አትዳብሱት። ለብቻው ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ሂዱ። ክትባቱ በየዓመቱ የታደሰ ከሆነ ግን ወደ ዳሌው እንመለስ።

ሁሉንም ነገር ጽፈውልኝ ኪሎውን አልጻፉልኝም። እኔ ደግሞ ከመድኃኒት በፊት የምጠይቀው ኪሎ ነው። ፑሪና የተባለው የውሻ ምግብ አምራች ያሠራው አንድ ረጅም ጥናት አለ፤ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 48 ላብራዶር ውሾችን ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታትለዋል። ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንደኛው ሌላው ከሚበላው 25 በመቶ ያነሰ እንዲሰጠው አደረጉ። ብዙ ከበሉት ውስጥ ግማሾቹ ለመገጣጠሚያ ሕመም ቋሚ ሕክምና ያስፈለጋቸው በ10.3 ዓመታቸው ሲሆን፣ ትንሽ የበሉት እዚያ የደረሱት በ13.3 ዓመታቸው ነው። ዕድሜም ጨምረዋል፤ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ። የውሻ ምግብ ሻጭ «አሳንሳችሁ አብሉ» የሚል ውጤት ይዞ ሲወጣ ማመን ደግ ነው። ሦስት ዓመት የሚያዘገይ ክኒን እኔ መደርደሪያዬ ላይ የለኝም።

አሁን ለታመመውም ቢሆን አልረፈደም። ወፍራም ሆኖ የሚያነክስ ውሻ ከክብደቱ 6 በመቶ ያህል ሲቀንስ ማነከሱ መቀነሱ በጥናት ታይቷል። ለ40 ኪሎ ውሻ ይህ 2.4 ኪሎ ነው፤ በሳምንት ከ1 እስከ 2 በመቶ እየቀነሰ ከሄደ ሁለት ወር አይፈጅም። ሚዛን ከየት ይምጣ ለሚሉኝ፣ ሰፈር ውስጥ ወፍጮ ቤት አይጠፋም። የእህል ሚዛኑ ላይ አንድ ጆንያ አንጥፋችሁ አስቁሙት። ባለወፍጮው ፊቱን ያጨፈግጋል፤ ገበያ በሌለበት ሰዓት ሂዱና ተግባቡ። ትንሽ ውሻ ያላችሁ ደግሞ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ውሻውን ታቅፋችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ለብቻችሁ ቁሙና ቀንሱ። የሁለት ሰው ሂሳብ ክፈሉላቸው።

ሚዛን ባይኖርም እጅ አለ። የጎድን አጥንቱን ሳትጫኑ ዳብሱት። የእጃችሁን ጀርባ እንደመዳሰስ ከሆነ፣ አጥንቱ ከስስ ቆዳ ሥር የሚታወቅ ከሆነ፣ መልካም። መዳፋችሁን እንደመዳሰስ ከሆነ ወፍሯል።

ምግቡን በተመለከተ፣ የግቢ ውሻ የሚወፍረው በሥጋ ሳይሆን በእንጀራና በዳቦ ነው፤ በወጥ ትራፊ ተለውሶ ይደፋለታል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ችግር አለ፤ ወጣችን ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የተቁላላ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርትም ዘመዱ ነው። ለሬክስ ለብቻው ይቀቀልለት፦ ከሥጋ ቤት ሳንባ ወይም ጨጓራ፣ ትንሽ ሩዝ ወይም ቂንጬ፣ ካሮት ወይም ዱባ፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው። ሳንባና ጉበት ጥሬውን አይሰጥም፤ ውሃ የቋጠረው እብጠት ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። መጠኑን አሁን ከሚበላው አንድ አምስተኛ ቀንሱና ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝኑ። የፋሲካ ሰሞን አጥንት የሚያመጣውን ጎረቤትም አመስግናችሁ መልሱት፤ እኔ የፋሲካን ማግስት የማሳልፈው የተቀቀለ አጥንት የቀረቀራቸውን ውሾች ሳክም ነው።

ከምግቡ ቀጥሎ መኝታው። የአዲስ አበባ ሲሚንቶ በክረምት ሌሊት የውሻውን ሙቀት ይመጥጣል፤ ክርኑንም ያቆስላል። የእንጨት ፓሌት ፈልጋችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ በላዩ ወፈር ያለ ስፖንጅ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከላይ ያረጀ ጋቢ ወይም ጆንያ። ጭድ ይሞቃል፣ ግን በየሳምንቱ ካልተለወጠ የቁንጫ ቤት ነው። ጀርባው ወደ ነፋሱ ይሁን። በክረምት አረንጓዴ ሻጋታ የሚይዘውን የግቢ ሲሚንቶም በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፤ አንዴ የተንሸራተተ ሽማግሌ ውሻ ወር ሙሉ ያነክሳል።

ሰንሰለቱን ፍቱት። ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ክብ ውስጥ የሚዞር ውሻ ጡንቻው ያልቃል፤ መገጣጠሚያን የሚደግፈው ደግሞ ጡንቻ ነው። እንግዳ ይበዛብናል ካላችሁ ከግንብ እስከ ግንብ ሽቦ ወጥራችሁ ሰንሰለቱ በቀለበት እንዲንሸራተት አድርጉ፤ ይህም ከመታሰር ይሻላል ለማለት ያህል ነው። ጃንሜዳ ቅርባችሁ ነው፤ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ፣ በማሰሪያ፣ ሣሩ ላይ። የሳምንቱን በሙሉ እሁድ እንጦጦ ላይ ለማካካስ የሚሞክሩ ሰዎች ሰኞ ጠዋት ስልኬን ያስጮኹታል። በየቀኑ ትንሽ ይሻላል።

ይህን ሁሉ እያደረጋችሁ ሐኪም ጋ መሄድ አይቀርም። የኋላ እግር የሚያስጎትተው ቁርጥማት ብቻ አይደለም፤ የጉልበት ጅማት መበጠስ አለ፣ የአከርካሪ ችግር አለ፣ መዥገር የሚያመጣው በሽታ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ በትልልቅ ውሾች ላይ የአጥንት ካንሰርም አለ። ምርመራና ራጅ ይለዩታል። ስትመጡ ጠዋት ሲነሳ በስልክ ቀርጻችሁ አምጡልኝ። ክሊኒክ ውስጥ ሲደርስ ሁሉም ውሻ ከፍርሃቱ የተነሳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እኔ ማየት የምፈልገው ማንም ሳያየው እንዴት እንደሚነሳ ነው።

ጥያቄ፦ ለጉልበቴ የታዘዘልኝን ዳይክሎፌናክ ለጃክም ግማሽ ግማሽ እያደረግሁ ሰጠሁት። መጀመሪያ ደህና ሆነ፣ ሮጠም። አሁን ምግብ አልበላ አለ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ልቀጥል ወይስ ላቁም?
*አንድ ጡረተኛ፣ ከካዛንቺስ*

መልስ፦ ለእኚህ አባት ደብዳቤያቸው እንደደረሰኝ በስልክ መልሻለሁ፤ እዚህ የማወጣው ለሌሎቻችሁ ነው። የጠቆረው ሰገራ የተፈጨ ደም ነው፤ ጨጓራው ቆስሎ እየደማ ነው ማለት ነው። ይህ ነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሰን፤ ሦስቱም በየፋርማሲው አሉ፣ ሦስቱም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም መጠኑ ካለፈ ጉበቱን ይጎዳል፤ ድመት ከሆነች ደግሞ ትንሹም ይገድላታል። «መጀመሪያ ደህና ሆነ» የሚለው ነው ሰዉን የሚያሳስተው። መድኃኒቱ ሕመም ማስታገሱ እውነት ነው፤ የውሻው ሰውነት ግን እንደ እኛ ቶሎ አያስወግደውም። (ዳይክሎፌናክ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል አሞራ ሊያጠፋ ደርሶ ነበር። ይህን መድኃኒት የተወጉ ከብቶች ሲሞቱ ሥጋቸውን የበሉት አሞሮች ኩላሊታቸው እየተበላሸ አለቁ፤ አገሮቹም በ2006 እ.ኤ.አ. ለከብት ሕክምና እንዳይውል ከለከሉ።)

ለውሻ የተሠሩ አሉ። ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም በብዛት የምናዛቸው ናቸው። «ሜሎክሲካም እኮ የሰው ፋርማሲም አለ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። የሰው አንዱ ክኒን 7.5 ወይም 15 ሚሊግራም ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን የሚያስፈልገው 2 ሚሊግራም ገደማ ነው። ክኒኑን በቢላዋ አራት ቦታ ብትቆርጡት እኩል አይከፈልላችሁም። በዚያ ላይ ከመጀመራችን በፊት ጉበቱንና ኩላሊቱን በደም ምርመራ እናያለን፤ አሥር ዓመት ባለፈው ውሻ ላይ ይህን መዝለል አልወድም። መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ ይሰጣል። ካስመለሰው፣ ምግብ ከተወ፣ ውሃ ከመጠን በላይ መጠጣት ከጀመረ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ወዲያው አቁሙና ደውሉ።

ስለ መርፌም አንድ ነገር ልበል። ቤት ለቤት እየዞሩ ዴክሳሜታሶን የሚባለውን፣ እብጠትና ሕመም የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወጉ አሉ። ውሻው በማግስቱ እንደ ቡችላ ይዘልላል፤ ባለቤቱም መርፌ ወጊውን ይመርቃል። ይህ መድኃኒት ከላይ ከጠቀስኳቸው ማስታገሻዎች ጋር ሲገናኝ ጨጓራ ይበሳል፤ ሲደጋገም ደግሞ ውሻውን ያስርበዋል፣ ያወፍረዋል፣ ጡንቻውን ይበላል። ምን እንደተወጋ ስሙን በወረቀት አጽፉና ያዙ። እኔ ጋ ስትመጡ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ፍል ውሃ አጠገብ ነው። እናቴ ለቁርጥማቷ እየሄደች ትታጠባለች፣ ተሽሏታልም። ለውሻችንስ ውሃውን በጀሪካን ላምጣለት? ደግሞ የሰፈር ሰው «ወጌሻ ይየው» ይለኛል።
*ተማሪ፣ ከፍል ውሃ አካባቢ*

መልስ፦ ልጄ፣ እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያስወረደ ውሃ ውሻህን ቢያስመኘው አልፈርድበትም። ግን ጀሪካኑ ቤት እስኪደርስ ይቀዘቅዛል፤ እናትህን የረዳት ሙቀቱ ነውና ሙቀቱን ቤት ውስጥ አግኘው። ሁለት ሃይላንድ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልተህ፣ የሚያቃጥል እንዳይሆን ክንድህ ላይ ሞክረህ፣ በፎጣ ጠቅልለህ ዳሌው ላይ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ያዝለት። ጠዋት ከመንቀሳቀሱ በፊት ብታደርገው ጥሩ ነው። ሲሸሽ ልቀቀው። መገጣጠሚያው ካበጠና ራሱ ከጋለ ግን ሙቀት አትጨምርበት። ገላውን ካጠብከው ፀሐይ በወጣበት ሰዓት ይሁን፣ በደንብ አድርገህ አድርቀው።

ወጌሻው የወለቀን ይመልስ ይሆናል። የውሻህ መገጣጠሚያ ግን የወለቀ ሳይሆን ያለቀ ነው፤ ሲጎተት ይብሳል። ጡንቻውን በእጅህ ቀስ አድርገህ ማሸት ትችላለህ፣ መገጣጠሚያውን ራሱን ሳትጫን። በጋለ ብረት መተኮስ የሚመክርህ ካለ ደግሞ አመስግነህ ወደ በር ሸኘው። ከሕመሙ ላይ ቃጠሎ ይጨመርበታል፣ ሌላ ምንም አያገኝም።

ጥያቄ፦ ከግቢ ቤት ወጥተን ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ገባን። ሚሚ ትንሽ የፑድል ክልስ ናት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ 9 ኪሎ። ደረጃው ላይ መሀል ደርሳ ትቆማለች። ሴራሚኩ ላይ እግሯ ይከፈታል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለመገጣጠሚያ ተብሎ የሚሸጠውን ግሉኮሳሚን ልላክልሽ ትለኛለች። ይጠቅማል? ወይስ ግቢ ላለው ሰው ልስጣት?
*የሚሚ እናት፣ ከልደታ*

መልስ፦ አትስጪያት። ቤት መቀየር ለአንቺም ከብዶሻል፤ እሷ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ሰውም ቤትም በአንድ ጊዜ ልትቀይር ነው። (አንቺ ማለቴን ይቅር በይኝ፤ «የሚሚ እናት» ብለሽ ስትፈርሚ ራቅ ማለት አልቻልኩም።)

ደረጃውን ተሸከሚያት። አንድ ክንድሽ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር፤ በፊት እግሮቿ ብቻ አታንሺያት። መውረዱም መውጣቱም እኩል ነው፤ ብዙ ሰው ሲወጣ ተሸክሞ ሲወርድ ይለቃል፣ ስትወርድ ግን ክብደቷ ሁሉ ክርኗና ትከሻዋ ላይ ይወርዳል። ልትሸከሙት የማትችሉት ትልቅ ውሻ ያላችሁ ረዘም ያለ ፎጣ ወይም ያረጀ ነጠላ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፋችሁ ከላይ ያዙለት፤ ደረጃውን በራሱ ይወጣል፣ እናንተ ግማሹን ትሸከማላችሁ።

ሴራሚኩን መቀየር አይጠበቅብሽም። ከመኝታዋ እስከ ውሃ መጠጫዋ፣ ከዚያ እስከ በሩ፣ የምትሄድበትን መንገድ ብቻ ሥሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍ አንጥፊበት። ሶፋ ላይ መዝለል የለመደች ከሆነ ፊት ለፊቱ ጠንካራ ትራስ አስቀምጪ። ጥፍሯን ቁረጪ፤ ግቢ ውስጥ መሬቱ ይሞርድላት ነበር፣ አሁን ሴራሚክ ላይ ማንም አይሞርድላትም። ረጅም ጥፍር መዳፏን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ያንሸራትታታል። በመዳፏ ንጣፎች መሀል ያደገውንም ፀጉር በመቀስ አሳጥሪ።

9 ኪሎው ግን ይበዛባታል ብዬ እጠረጥራለሁ። የልጆቹን ብስኩት ቁጠሪ። ለሷ ግማሽ ኪሎ ማለት 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 4 ኪሎ ማለት ነው።

ስለ ግሉኮሳሚን፣ ማስረጃው ደካማ ነው። አይጎዳም፣ ግን እህትሽ ሻንጣ ውስጥ ያላትን ቦታ በእሱ አታስይዢ። ካስላክሽ የዓሣ ዘይት ይሁን፤ ጀርባው ላይ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉት የኦሜጋ-3 ቅባቶች መጠናቸው የተጻፈበት። የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። የዓሣ ጉበት ዘይት የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ይበዛበታል፣ በረጅም ጊዜ ይመርዛታል። መጠኑን በኪሎዋ እናሰላዋለን። በወር አንዴ የምትወጋ ሊብሬላ የምትባል የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ መርፌም እህትሽ ሰምታ ይሆናል፤ አውሮፓ ውስጥ በ2020፣ አሜሪካ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. ፈቃድ አግኝታለች። ከፍሪጅ የማትወጣ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የምትሰጥ መርፌ ናት፤ ለሻንጣ አትሆንም።

ጥያቄ፦ አንበሶ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። መድኃኒቱንም ይወስዳል፣ ክብደቱም ቀንሷል። ግን አሁን ተነስቶ መሽናት አልቻለም። የመጨረሻውን መርፌ ማስወጋት ኃጢአት ነው?
*ከአራት ኪሎ*

መልስ፦ ኃጢአቱን ለንስሐ አባትዎ ልተወው። እኔ ልመልስ የምችለው የሥጋውን ነው። ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። ሳይገደድ የበላበትን፣ በራሱ ወይም በፎጣ ታግዞ ቆሞ የሸናበትን፣ ሲያይዎት ጅራቱን የቆላበትን ቀን ያክብቡ። ሌላውን ቀን በመስቀል ምልክት ይሰርዙ። የተሰረዙት ከበዙ ለሐኪምዎ ይደውሉ። መርፌው በማደንዘዣ ስለሚሰጥ እንቅልፍ ይወስደዋል እንጂ አይሠቃይም፤ ቤትዎ መጥቶ የሚሠራ ሐኪምም ይፈልጉ። ያ ቀን እስኪደርስ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጎኑን ያገላብጡት፣ ሥሩን ደረቅ ያድርጉት። በመኪና ወስዶ መንገድ ላይ መተው ግን መፍትሔ አይደለም፤ ምሽት ላይ ከቀለበት መንገድ ዳር ተለቅመው የሚመጡልኝ ሽማግሌ ውሾች አንገታቸው ላይ የማሰሪያ ምልክት አለ።

ጥያቄ፦ ያረጀው ውሻችን በዚሁ በሽታ ተሠቃይቶ ሞተ። አሁን የሸፐርድ ቡችላ ልገዛ ነው፤ መንገድ ዳር ይዘው ከሚሸጡት አንዱን አይቻለሁ። ይህኛው እንዳይታመም ምን ላድርግ? ካልሲየም ልጀምርለት?
*ከፒያሳ*

መልስ፦ ካልሲየሙን ይተዉት። ሰው ሁሉ አጥንት እንዲጠነክር ብሎ ሽሮፕ ያጠጣል፤ የትልቅ ዝርያ ቡችላ ግን የበዛውን ካልሲየም የመመለስ አቅም ገና የለውም። ሁሉንም ያስገባዋል፣ የአጥንቱ አስተዳደግም ይበላሻል። ለቡችላ የተመጠነ ምግብ የሚበላ ከሆነ ምንም አይጨመርበትም።

ቶሎ እንዲያድግ አይመግቡት። ሰዉ የሚያደንቀው ድቡልቡል ቡችላ እኔን ያስጨንቀኛል። የጎድን አጥንቱ በእጅ እየታወቀ ቀስ ብሎ ይደግ፤ በየወሩ ይመዘን። አፈር ላይ እንደፈለገ ይጫወት፣ ሲደክመው ይተኛ። ዓመት ሳይሞላው ከሰው ጋር በግድ አስፋልት ላይ ማስሮጥና ከፒክአፕ ላይ ማዘለል ይቅር። ለማምከንም አትቸኩሉ፤ በጀርመን ሸፐርድ ላይ የተደረገ ጥናት ዓመት ሳይሞላቸው የመከኑት የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። የእብድ ውሻ ክትባቱ በሦስት ወሩ ይጀመር። መኝታው ከመጀመሪያው ቀን ከሲሚንቶ ላይ ይነሳ፤ ሲያረጅ የሚሠራለትን አልጋ ዛሬውኑ ሥሩለት።

ግማሹ ነገር ግን ከመግዛትዎ በፊት ያለቀ ነው። የዳሌ ችግር ከወላጅ ይወረሳል። መንገድ ዳር የታቀፈ ቡችላ ሁሉም ያምራል፤ እርስዎ ማየት ያለብዎት እናቱ ስትሄድ ነው። ከኋላ ሆነው ይመልከቷት፤ ዳሌዋ ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ፣ ስትሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቿን ገጥማ እንደ ጥንቸል የምትዘል ከሆነ ይተዉት። ሻጩ «እናትየዋ እኮ ያለችው ሱሉልታ ነው» ካለዎት ታክሲ ይያዙና ሱሉልታ ይሂዱ።